የልጆች የመገጣጠሚያ ሕመምና የአጥንት ማጠንከሪያ መድኃኒት

ባለፉት እትሞች ስለ ልጆች አስተዳደግ ስንነጋገር በአመዛኙ ያየነው ጤነኛ ልጅ ያለበትን ቤት ነው። ነገር ግን በየአጥቢያችን ልጃቸው ለረጅም ጊዜ የታመመባቸው ወላጆች አሉ። እሑድ ከእኛ ጋር ይዘምራሉ፤ ሰኞ ማለዳ ግን ልጃቸውን አዝለው ካርድ ለማውጣት ይሰለፋሉ። የዛሬው ዓምድ በተለይ ለእነርሱ ነው። ሌሎቻችንም ብናነበው በአጠገባችን የተቀመጠችውን እናት ሸክም እንረዳበታለን።

ርእሱን እንድመርጥ ያደረገኝ አንዲት እናት ያቀረበችልኝ ጥያቄ ነው። ልጇ 11 ዓመቷ ነው። ከሁለት ዓመት በላይ በመገጣጠሚያ ብግነት ታምማ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን መድኃኒት ስትወስድ ቆይታለች። በቅርቡ ጀርባዋን ያማት ጀመር፤ ራጅ ስትነሣም ከአከርካሪዋ አጥንቶች አንዱ ተጨፍልቆ ተገኘ። ሐኪሟ አጥንት የሚያጠነክር መድኃኒት እንድትጀምር መከረ። እናቲቱ ግን ፈራች። «ይህ የአሮጊቶች መድኃኒት ነው ይሉኛል፤ ልጄ ቁመቷ ይቀር ይሆን? ነገ አግብታ መውለድስ ትችላለች?» አለችኝ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ለልጃችሁ መድኃኒት ማዘዝም ማስጣልም አልችልም። ነገር ግን ይህ ጥያቄ የብዙ ወላጆች ጥያቄ ስለሆነ፣ በሕክምናው ዓለም የታወቀውን ነገር በቀላል ቋንቋ ላስረዳችሁ እወዳለሁ። የሚያስተውል ወላጅ ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ ጥያቄውን አዘጋጅቶ ይቀርባልና።

ለመሆኑ ልጅን ሪህ ይይዘዋል?

ብዙዎቻችን ሪህና ቁርጥማት የሽማግሌዎች ሕመም ይመስሉናል። ስለዚህ ልጅ ጠዋት ተነሥቶ ሲያነክስ «ወድቆ ይሆናል»፣ «ዕድገት ነው»፣ «ብርድ መቶት ነው» እንላለን። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጆርጅ ፍሬድሪክ ስቲል የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1897 የልጆችን የመገጣጠሚያ ብግነት ከአዋቂዎቹ ለይቶ ጽፎ ነበር። ዛሬ ሐኪሞች ይህን ስም የሚሰጡት ከ16 ዓመት ዕድሜ በፊት ለጀመረ፣ ቢያንስ 6 ሳምንት ለቆየና ሌላ ምክንያት ላልተገኘለት የመገጣጠሚያ ብግነት ነው። አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ጥቂት መገጣጠሚያዎችን ብቻ የሚይዝ አለ፣ ብዙዎችን የሚይዝ አለ፣ ከትኩሳትና ከሽፍታ ጋር መላ ሰውነትን የሚያውክም አለ።

ምልክቱ ብዙ ጊዜ ሕመም ብቻ አይደለም። ልጁ ጠዋት ሲነሣ ይደርቃል፣ ይንቀረፈፋል፤ ረፈድ ሲል ይፍታታል። ጉልበቱ ወይም ቁርጭምጭሚቱ ያብጣል። ትንንሽ ልጆች «አመመኝ» አይሉም፤ መሮጥ ይተዋሉ፣ እቀፉኝ ይላሉ። ሌላም ልብ የምትሉት ነገር አለ። ይህ በሽታ ያለ ሕመምና ያለ መቅላት ዓይንን ከውስጥ ሊያቆስል ይችላል። ስለዚህ እነዚህ ልጆች በየጊዜው በዓይን ሐኪም መታየት አለባቸው፤ አደጋው ከፍ የሚልባቸው ትንንሽ ልጆች በየሦስት ወሩ እንዲታዩ ይመከራል።

አጥንቱ ለምን ይደክማል?

እናቲቱ «በሽታው የመገጣጠሚያ ነው፤ አጥንቷ ለምን ተጎዳ?» ብላ ጠይቃኛለች። መልካም ጥያቄ ነው። አጥንት እንደ ድንጋይ የሞተ ነገር አይደለም። በውስጡ አሮጌውን የሚያፈርሱና አዲሱን የሚገነቡ ሕዋሳት ዘወትር ይሠራሉ። በልጅነት ጊዜ ገንቢዎቹ ይበልጣሉ፤ ሰው ለዕድሜው ሁሉ የሚሆነውን የአጥንት ስንቅ የሚያከማቸው በአብዛኛው በልጅነቱና በጉርምስናው ነው። በዚያ ዕድሜ ያልተከማቸውን ኋላ መተካት ያስቸግራል። በዚህ በሽታ ግን ከአንድ በላይ ሌባ ወደ ጎተራው ይገባል።

1ኛ) ብግነቱ ራሱ ነው። ከሚቆጣው መገጣጠሚያ የሚወጡት ንጥረ ነገሮች በደም ተሠራጭተው አፍራሽ ሕዋሳቱን ያበረታሉ።

2ኛ) ስቴሮይድ ነው። ፕሬድኒሶሎን ብግነትን ፈጥኖ ያበርዳል፤ ሕይወት የሚያድንበትም ጊዜ አለ። ነገር ግን በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ገንቢ ሕዋሳቱን ያደክማል፣ አንጀት ካልሲየም የሚመጥበትን ኃይል ይቀንሳል፣ በሽንት የሚወጣውንም ካልሲየም ይጨምራል።

3ኛ) አለመንቀሳቀስ ነው። አጥንት የሚጠነክረው ሲሠራበት ነው። ያመመው ልጅ ይቀመጣል፤ የተቀመጠ ልጅ አጥንቱ ይሳሳል።

4ኛ) የምግብና የፀሐይ እጥረት ነው። የታመመ ልጅ ምግብ ያስጠላዋል፤ ከቤትም አይወጣም።

የአከርካሪ አጥንት ከሌላው ቀድሞ በስቴሮይድ ይጎዳል። ከባሰው ነገር አንዱ፣ የአከርካሪ አጥንት መጨፍለቅ አንዳንድ ጊዜ ምንም ሳያም መከሰቱ ነው። ስለዚህ ስቴሮይድ ለወራት የወሰደ ልጅ ጀርባዬን ካለ «ቦርሳው ከብዶት ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ለሐኪሙ ንገሩ።

ከመድኃኒቱ በፊት የሚቀድም

ተወዳጆች ሆይ፣ አጥንት ማጠንከሪያ መድኃኒት የመጀመሪያው እርምጃ አይደለም። የመጀመሪያው እርምጃ በሽታውን ራሱን ማብረድ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰደው ሜቶትሬክሴት (በየቀኑ እንዳይሰጥ እጅግ ተጠንቀቁ!)፣ በመገጣጠሚያው ውስጥ የሚሰጥ መርፌ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ለልጆች የተፈቀደው ኢታነርሴፕትና ከእርሱ በኋላ የመጡት ዘመናዊ መድኃኒቶች ስቴሮይድን ለመቀነስ ረድተዋል። የዘመናዊዎቹ ዋጋ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም «ስቴሮይዱን የሚያስቀንስልን ሌላ መንገድ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ የወላጅ መብት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለሳምንታት ፕሬድኒሶሎን የወሰደን ልጅ መድኃኒቱን በአንድ ቀን አታስጥሉት። ሰውነት ራሱ የሚያመነጨውን ተመሳሳይ ንጥረ ነገር ማመንጨት ስለሚተው፣ በድንገት ሲቋረጥ ልጁ ሊያስመልሰው፣ ሊዝልና ራሱን ሊስት፣ ሕይወቱንም ሊያጣ ይችላል። የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው። እንዲሁም «ባለፈው ረድቶታል» ብላችሁ ያለ ትእዛዝ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትጨምሩ።

ሁለተኛው ምግብ ነው። ከ4 እስከ 8 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 1000 ሚሊግራም፣ ከ9 እስከ 18 ያለው ደግሞ 1300 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ያስፈልገዋል። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ሚሊግራም ገደማ ይሰጣል። እርጎም እንዲሁ ጥሩ ነው። ወተት ለማይችል ቤት ጎመን ቀላል አይደለም፤ ጤፍም ከብዙዎቹ እህሎች ይልቅ ካልሲየም አለው። ያልበቃውን ሐኪሙ በእንክብል ይሞላዋል።

ሦስተኛው ፀሐይ ነው። «እኛ የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ያለን ሕዝብ ነን፤ ቫይታሚን ዲ ምን ይጎድለናል?» እንል ይሆናል። ነገር ግን በአዳማና በአካባቢዋ በሚገኙ ተማሪዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ከመቶ 42ቱ የቫይታሚን ዲ እጥረት እንዳለባቸው አሳይቷል፤ የከተማዎቹ ልጆችም ከገጠሮቹ እጅግ ብሰው ተገኝተዋል። ፀሐይዋ ሰማይ ላይ ብትኖርም ልጁ ቤት ውስጥ ከዋለ አትጠቅመውም። የታመመ ልጅ ብርድ ይመታዋል እየተባለ ተሸፋፍኖ ስለሚውል ችግሩ ይብስበታል። ልጆች በቀን 600 ዓለም አቀፍ ዩኒት ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋቸዋል፤ እጥረት ላለበት ልጅ ግን ሐኪሙ ከዚህ የበለጠ ሊያዝ ይችላል። (አንዳንድ መድኃኒት የሚወስዱና ቆዳቸው ለፀሐይ ስስ የሆነ ልጆች ስላሉ ይህንንም ጠይቁ።)

አራተኛው እንቅስቃሴ ነው። ጠዋት በሙቅ ውኃ ማፍታታት፣ በእግር መሄድ፣ ከተገኘ ዋና፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚያሳየው ልምምድ፤ እነዚህ ሁሉ ለአጥንትም ለመገጣጠሚያም ናቸው። አከርካሪው የተጎዳ ልጅ ግን የትኛው እንቅስቃሴ እንደሚፈቀድለት አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

መድኃኒቱ ምንድን ነው?

ሐኪሞች ለልጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቡት ቢስፎስፎኔት የሚባሉትን መድኃኒቶች ነው። እነዚህ ከአጥንት ማዕድን ጋር ይጣበቃሉ። አፍራሹ ሕዋስ አጥንቱን ሊበላ ሲመጣ መድኃኒቱንም አብሮ ይውጣል፤ ከዚያም ይደክማል። በዚህ ጊዜ ገንቢዎቹ ፋታ ያገኛሉ። እንግዲህ መድኃኒቱ አዲስ አጥንት የሚሠራ ሳይሆን የሚያፈርሰውን እጅ የሚይዝ ነው። ለዚህም ነው ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ሳይሟላ መስጠት ዋጋ የማይኖረው፣ እንዲያውም አደገኛ የሚሆነው።

ከእነዚህ አሌንድሮኔትና ራይዝድሮኔት በአፍ የሚዋጡ ናቸው። ፓሚድሮኔትና ዞሌድሮኒክ አሲድ በደም ሥር የሚሰጡ ናቸው፤ ፓሚድሮኔት በየጥቂት ወሩ ለሰዓታት እየተንጠባጠበ ሲሰጥ፣ ዞሌድሮኒክ አሲድ ግን ባጭር ጊዜ ገብቶ ብዙውን ጊዜ በየስድስት ወሩ ይደገማል።

«የአሮጊቶች መድኃኒት ነው» የሚባለው እውነትነት አለው። አሌንድሮኔት እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ የተፈቀደው የወር አበባቸው ለተቋረጠ ሴቶች ነበር። እስከ ዛሬም በብዙ አገሮች ለልጆች የሚሰጠው በሐኪሙ ውሳኔ እንጂ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ለእነርሱ ተጽፎ አይደለም። ነገር ግን ለልጆች ፈጽሞ አልተሞከረም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 በካናዳ ያሉ ሐኪሞች አጥንታቸው በተፈጥሮ ተሰባሪ ለሆነ ልጆች ፓሚድሮኔት ሰጥተው መልካም ውጤት ማየታቸውን አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ በጣሊያን ሐኪሞች የተመራ ጥናት የመገጣጠሚያ ብግነትና ተመሳሳይ ሕመም ላለባቸው 38 ልጆች ለአንድ ዓመት አሌንድሮኔት ተሰጥቶ የአጥንታቸው ጥግግት በአማካይ 15 በመቶ ያህል እንደጨመረ አሳየ።

ይሁን እንጂ ጥግግት መጨመርና ስብራት መቅረት አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2007 የነበሩትን ጥናቶች ሁሉ ሰብስቦ የመረመረው የኮክሬን ግምገማ፣ በሕመም ምክንያት አጥንታቸው ለሳሳ ልጆች ሁሉ መድኃኒቱ መደበኛ ሕክምና ይሁን ለማለት ማስረጃው አይበቃም ብሎ ደመደመ፤ ለሦስት ዓመትና ከዚያ በታች ሲሰጥ ግን ልጆቹ በመልካም ሁኔታ እንደሚችሉት አመለከተ። ከዚህ ሁለቱንም እንያዝ፦ መርዝ አይደለም፤ ለሁሉ የሚታደል ቫይታሚንም አይደለም።

ለየትኛው ልጅ ይሰጣል?

ዴክሳ በሚባለው መሣሪያ ተለክቶ ቁጥሩ አነስተኛ በመሆኑ ብቻ ልጅ «አጥንቱ ሳስቷል» አይባልም። በዓለም አቀፍ መመዘኛ መሠረት ያለ ከባድ አደጋ የአከርካሪ አጥንት ከተጨፈለቀ ያ ብቻውን ይበቃል። አለበለዚያ ግን ጥግግቱ ከእኩዮቹ እጅግ ዝቅ ብሎ (በመለኪያው ከ-2 ጀምሮ ወደ ታች)፣ በተጨማሪም እስከ 10 ዓመቱ ሁለት ጊዜ ወይም እስከ 19 ዓመቱ ሦስት ጊዜ የእጅ ወይም የእግር ረጅም አጥንት የተሰበረ መሆን አለበት። በተጨማሪም በሕመሙ ምክንያት ቁመቱ ያጠረ ልጅ በመሣሪያው ላይ ከእውነቱ የባሰ መስሎ ሊታይ ስለሚችል ቁመቱ ታስቦ መነበብ አለበት። ዴክሳ በሌለበት ከተማ ላላችሁ ደግሞ፣ ከጎን የተነሣ የአከርካሪ ራጅ ብዙ እንደሚናገር እወቁ።

እንግዲህ የዚያች የ11 ዓመት ልጅ ጉዳይ ከተራ ጥንቃቄ ያለፈ ነው። ስቴሮይድ በወሰደች ልጅ ላይ ያለ አደጋ የአከርካሪ አጥንት መጨፍለቅ፣ ሐኪሞች መድኃኒቱን በቁም ነገር የሚያስቡበት ሁኔታ ነው። አንዱ ከተጨፈለቀ ሌላው የመከተል ዕድሉ ይጨምራልና፣ አለመጀመርም የራሱ አደጋ አለው። መፍራት ያለብን መድኃኒቱን ብቻ ሳይሆን ያለ መድኃኒት የሚመጣውንም ነው።

ስለ ቁመቷ፦ በተፈጥሮ ተሰባሪ አጥንት ባላቸው ልጆች ላይ በተደረገው ክትትል መድኃኒቱ ዕድገትን ሲገታ አልታየም። በራጅ ላይ አጥንቱ ጫፍ አካባቢ ነጫጭ መስመሮች ሊታዩ ይችላሉ፤ በደም ሥር በተሰጠ ቁጥር የሚቀር ምልክት ነውና አትደንግጡ። ቁመትን በእርግጥ የሚያሳጥሩት ያልበረደ በሽታና ረጅም የስቴሮይድ ጊዜ ናቸው።

ስለ መውለዷ፦ መድኃኒቱ ልጅ እንዳይወለድ ያደርጋል የሚል የታወቀ ነገር የለም። ነገር ግን በአጥንት ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ፣ ሴት ልጅ አድጋ እርግዝና ስታስብ መድኃኒቱን መውሰዷን ለሐኪሟ መንገር ይገባታል። ስለዚህ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና የተሰጠበትን ቀን በደብተር ጻፉላት። ያ ደብተር ወደፊት ይጠቅማታል።

ጥንቃቄዎች

ሀ) ከመጀመሩ በፊት የቫይታሚን ዲ፣ የካልሲየምና የኩላሊት ምርመራ ይደረግ። ካልሲየም ሳይሟላ ከተሰጠ በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ሊወርድ ይችላል፤ የከንፈርና የጣት መደንዘዝ፣ የጡንቻ መኮማተር ከታየ ፈጥናችሁ ወደ ሕክምና ሂዱ።

ለ) ጥርስ ይታይ። የሚነቀል ጥርስ ካለ አስቀድሞ ይነቀል። የመንጋጋ አጥንት መቁሰል በብዛት የታየው በካንሰር ምክንያት ከፍተኛ መጠን በወሰዱ አዋቂዎች ላይ ቢሆንም ጥንቃቄው አይጎዳም።

ሐ) በደም ሥር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ እንደ ጉንፋን ያለ ትኩሳትና የሰውነት ቁርጥማት ብዙ ጊዜ ይመጣል፤ በጥቂት ቀናትም ያልፋል። ስቴሮይድ የሚወስድ ልጅ ትኩሳት ግን ሁልጊዜ ለሐኪም ይነገር።

መ) በአፍ የሚዋጠው ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ይወሰዳል። ከዚያ በኋላ ልጁ ቢያንስ 30 ደቂቃ ሳይተኛና ሳይበላ ይቆያል። ከወተት ወይም ከካልሲየም እንክብል ጋር አይሰጥ፤ ጥቅሙን ያጣል። ቀጥ ብሎ መቀመጥ ለማይችል ልጅም አይሰጥም፤ ጉሮሮን ያቆስላልና።

ሠ) መድኃኒቱ ራሱ አልፎ አልፎ ዓይንን ያስቆጣል። በዚህ በሽታ ዓይን አስቀድሞ ተጋላጭ ስለሆነ ዓይን ቢቀላ፣ ቢያም ወይም ብርሃን ቢያስቸግረው ዛሬ ነገ አትበሉ።

ረ) መቼ እንደሚቆም ከመጀመሪያው ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካ ሐኪሞች ከመጠን በላይ ፓሚድሮኔት የተሰጠው የ12 ዓመት ልጅ አጥንቱ እንደ ዕብነ በረድ ደድሮ ነገር ግን ተሰባሪ እንደሆነ ጽፈዋል። ብዙ መስጠት ማጠንከር ማለት አይደለም።

ስለ ጸሎትና ስለ መድኃኒት

በመጨረሻ ለእኛ ለምእመናን አንድ ቃል ላክል። ስለ ታመመ ልጅ መጸለይ ይገባል። ነገር ግን ከጸለይን በኋላ «እምነትሽን አሳዪ፤ መድኃኒቱን ጣዪው» ማለት ያ ልጅ ላይ ምን እንደሚያደርስ ከላይ አይታችኋል። ንጉሡ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ ነቢዩ ኢሳይያስ የፈውስን ቃል ያመጣለት እርሱ ራሱ፣ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዝዟል። ሉቃስም ሐኪም ነበር። በጸሎትና በመድኃኒት መካከል ጠብ የለም፤ ጠቡን የምናስገባው እኛ ነን። እግዚአብሔር ከፈወሰ ሐኪሙ መርምሮ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ያወርደዋል፤ ምስክርነቱም ያን ጊዜ የበለጠ ይጸናል።

ደግሞም ልጅቱ በስቴሮይዱ ምክንያት ፊቷ ቢያብጥ «ወፍራለች፤ ተመችቷታል» አትበሉ፤ ትሰማለች። በሰንበት ትምህርት ክፍል ውስጥ ለመቀመጥና ለመነሣት የምትቸገረውን ልጅ አስተማሪዋ ይወቅላት፤ በጨዋታ መካከል እንዳትገፋ ይጠንቀቅላት። እናቲቱ በቀጠሮዋ ቀን ታናሹን ልጅ የሚይዝላት፣ ወረፋ ላይ አብሯት የሚቆም፣ የመድኃኒቱን ዋጋ በዝምታ የሚደጉማት ሰው ያስፈልጋታል። የእኅቶች ኅብረታችን ይህን ለማድረግ አዲስ ኮሚቴ አያስፈልገውም፤ የማን ቀጠሮ መቼ እንደሆነ መጠየቅ ይበቃል።

እስከሚቀጥለው እትም ደኅና ቆዩ።